ብርድ የመታው ኮምፒዩተር

በነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ላስተዋውቃችሁ፤ መሀል ላይ ደርሳችሁ «ይሄ ደግሞ ማነው?» እንዳትሉ።

መጀመሪያ አቶ ሎምበሞ ናቸው፤ ሆሳዕና የነበረው የልማት ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ። ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ ውሳኔ ከሚሰጡ ጥርሳቸውን ቢነቀሉ ይመርጣሉ። ቀጥሎ ጓድ ግርማ፤ ከአውራጃ የተመደቡልን የፖለቲካ ኃላፊ። እሳቸው ደግሞ መወሰን በጣም ስለሚወዱ ነገሩን እስኪሰሙ እንኳ አይጠብቁም። ሦስተኛው ጋሽ ሄራኖ ናቸው፤ የቢሮው ዘበኛ፣ የዶዮገና ሰው። ዶዮገና ደጋ ስለሆነ ስለ ብርድ በዓለም ላይ ከእሳቸው የሚበልጥ አዋቂ ያለ አይመስላቸውም። አራተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ የመሠረት እናት እላታለሁ። መርፌና ክር ከእጇ አይጠፋም። አምስተኛዋ መሠረት፣ የመጀመሪያ ልጄ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛ።

ሰባተኛው ኮምፒዩተሩ ነው። እሱ እንኳ ሰው አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ግን በዚያ ክረምት ከሁላችንም በላይ የታመመውም፣ «እንዴት አደረ?» የተባለለትም፣ የለበሰውም እሱ ስለነበር ልተወው አልችልም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልጨምር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አጥር ሥር ከውጭ ቆሜ ነው። እንግሊዝኛ ያወቅኩት ደግሞ ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው፤ ጆንያ ስሸከም ያላነበብኩት ጽሑፍ የለም። በዚህ የተነሳ አንድ እምነት አደረብኝ፦ በትጋትና ቀጥ ብሎ በመቀመጥ የማይፈታ ነገር የለም። ልጆቼን ያሳደግኩትም በዚህ ነው። ቤቴ ውስጥ ተንጋዶ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም። ዛሬ ቆም ብዬ ሳስበው የልጆቼ ጀርባ እንጂ ፊታቸው ትዝ የማይለኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ኮምፒዩተሩ ከረጂዎች የመጣልን በላንድሮቨር ነው። ከአንድ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ሳጥኑ ወጣ፤ ከሌላው ፊቱ፣ ማለትም ስክሪኑ፤ ከሦስተኛው ፊደል የሚመቱበት ሰሌዳ። እንደ ንብረት ክፍልነቴ ተረክቤ፣ ቆጥሬ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያም በክብር ለመጣ ዕቃ የሚደረገውን አደረግኩ፦ ስክሪኑ አናት ላይ አራት እጥፍ የሆነ ወፍራም ፎጣ አነጠፍኩና የፕላስቲክ አበባ ያለበት ማሰሮ አስቀመጥኩበት። አቶ ሎምበሞ አዩና «አሁን ቢሮ መሰለ» አሉ።

መሠረት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ታይፕ ተምራ፣ አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ሠልጥና መጥታለች። ለሙከራ ሦስት ወር ቀጠሯት። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ኮሚቴ ፊት ተቀምጣ የገበሬ ማኅበራቱን የማዳበሪያ ሠንጠረዥ ሠርታ ታሳያለች፤ ከተሳካላት ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ቋሚ መሆን ያኔ ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ያስቸግራል። ቋሚ የሆነ ሰው ሲራመድ ከሩቅ ይታወቃል። ካልተሳካላት ግን ወደ ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ከእሷ በታች አምስት ልጆች፣ አንድ የእኔ ደመወዝና በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለወንድ ልጃቸው ሊያጯት የሚያደቡ ጎረቤት ይጠብቋታል።

መጀመሪያ ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ረፋድ ላይ መሠረት ፊደል እየመታች ሳለ ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ውይ!» አለች።

«መብራት ሄደ!» አሉ አቶ ሎምበሞ ከክፍላቸው።

«መብራት ሄደ!» አልኩ እኔም ከመጋዘን።

ጋሽ ሄራኖ ሮጠው ሻማ ገዝተው መጡ። ለኩሼ ይዤላት ጎኗ ቆምኩ። ልጅቷ ሻማውን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀና ብላ ጣራውን አየች።

«አባዬ» አለችኝ ዝግ ብላ፣ «አምፖሉ እኮ በርቷል።»

ቀና ብዬ አየሁ። በርቷል። ከሥሩ ሻማ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ወዲያው ባጠፋው መሳሳቴን ማመን ሆነብኝና «ለጥንቃቄ ነው» ብያት ግማሹ እስኪያልቅ ይዤው ቆየሁ። አባት የሆናችሁ ሁሉ ይህ ይገባችኋል።

ማሽኑን አጥፍታ፣ ምሳ በልተን ስንመለስ አበራችው፤ ስክሪኑ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አረንጓዴ ፊደሎቹን ደረደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን እንደገና ጨለመ። ሳጥኑ ያጉረመርማል፣ መብራት አለ፣ ፊቱ ብቻ ጥቁር። አንዳንድ ቀን አይጠፋም፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ ይጠፋል። ሁልጊዜ የሚጠፋ ነገር ቢሆን ተስፋ ቆርጠን እናርፍ ነበር። አንዳንዴ የሚጠፋ ነገር ግን ሰው አያስቀምጥም። መጋዘን ጆንያ ስቆጥር፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ብዬ «አሁን ጠፍቶ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሽው ይልብኛል፤ ቆጠራውን ትቼ እሮጣለሁ። በርቷል። ተመልሼ ከአንድ እጀምራለሁ። አቶ ሎምበሞም ደብዳቤ እየፈረሙ በበሩ ቀዳዳ ያያሉ። ገበሬ ጉዳዩን ሲያስረዳቸው ዓይናቸው እኛ ዘንድ ነው። ጋሽ ሄራኖ ሳይቀሩ በሩን ትተው መስኮት ሥር መዋል ጀመሩ። ቢሮው በሙሉ ወተት እንደጣደ ሰው ሆነ።

እኔ ምክንያቱን አገኘሁት ብዬ አሰብኩ፦ ልጅቷ ናት። ሐሳቧ ይበተናል። ከልጅነቷ ጀምሮ መጽሐፍ እያነበበች በመስኮት ታይ ነበር። ማሽን ደግሞ ትኩረት ይፈልጋል። ስለዚህ ከኋላዋ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ።

«ቀጥ በይ።»

«ቀጥ ብያለሁ አባዬ።»

«ትከሻሽ።»

«ትከሻዬ ምን ሆነ?»

«ይናገራል። ትከሻሽ ሐሳብሽ የት እንዳለ ይናገራል።»

ጫማዋን አስወለቅኳት፤ አቧራ ይዞ ይገባል ብዬ። ቅባት ተቀብታ እንዳትመጣ ከለከልኩ። ሲጠፋ «ምን እያሰብሽ ነበር?» እላለሁ። «ማዳበሪያ» ትላለች። «ከዚያ በፊትስ?» «ማዳበሪያ።» መቼም ማንም ወጣት ሴት ሙሉ ቀን ስለ ማዳበሪያ ታስባለች ብዬ ስላላመንኩ፣ ዋሸችኝ ብዬ ሌላ ምክር ጨመርኩ።

የአቧራውን ነገር ለባለቤቴ ሳወራላት ግን ወዲያው ገባት።

«እርቃኑን ነው እንዴ ያስቀመጣችሁት?» አለችኝ ደንግጣ።

እኛ አገር ያኔ ሬዲዮ ያለው ቤት ሬዲዮውን ያለብሳል። እርቃኑን የተቀመጠ ሬዲዮ ያየ እንግዳ፣ ወጥቶ ስለ ቤቲቱ እመቤት ስንፍና ነው የሚያወራው። የመሠረት እናት በዚያው ሳምንት የኮምፒዩተሩን ልብስ ሰፍታ ጨረሰች፤ ነጭ አቡጀዲ፣ ዙሪያውን ዳንቴል፣ በሁለቱም ጎን ክንፏን የዘረጋች ጣዎስ። ፊቱ ብቻ ይታያል፤ ከኋላ በጥብጣብ ይታሰራል። ስናለብሰው የቢሮው ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። አቶ ሎምበሞ «ሠርግ ያለበት መሰለ» አሉ። ጎረቤት መሥሪያ ቤት የነበሩ ጸሐፊዎች መጥተው ንድፉን ገለበጡ። እኔም ያለ ልብሱ ሥራ እንዳይጀመር የሚል ትእዛዝ ሰጠሁ።

ባሰበት። አሁን በቀን ሦስቴ ይጠፋ ጀመር።

አዲስ አበባ ወዳለ ባለሙያ ስልክ ተደወለ። መስመር እስኪገኝ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሲገኝ ደግሞ ሙሉ ሆሳዕና በሰማው ድምፅ «ጠ-ቆ-ረ! ፊቱ ጠቆረ!» እያልኩ ጮህኩ። ሰውዬው «ሶኬቱን ነቅላችሁ ሰኩት» አለ። «ነቀልን! ሰካን!» «እንግዲያውስ ስክሪኑን አምጡት» ብሎ ዘጋ።

ስክሪኑን ከነልብሱ በጋቢዬ ጠቅልዬ በማለዳ መናኸሪያ ወረድኩ። መሠረት እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። ወያላው እቅፌን አየና «አባት፣ ሕፃኑ ታሞ ነው?» አለ።

«የመንግሥት ንብረት ነው» አልኩት።

«የመንግሥት ከሆነማ ጭን ላይ አይሄድም፤ ወንበር ይያዝለት።»

እንዲህ አድርጎ ትኬት ቆረጠለት። መስኮት በኩል ተቀመጠ፤ እኔ በመተላለፊያው። ፎንቆ ላይ አንዲት እናት ቅቤ ይዘው ገቡና ወንበሩን አይተው «ልጄ፣ ይሄንን ዕቃ እቀፍና እኔን አስቀምጠኝ እንጂ» አሉኝ። ትኬቱን አሳየኋቸው። «ዕቃ ትኬት ቆረጠ!» ብለው ለተሳፋሪው ሁሉ ነገሩ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ የቆሙ ሴቶች እኔን፣ እኔ ደግሞ መንገዱን ስንመለከት ሄድን። ለእኚያ እናት ወዲያው ተነሥቼ የራሴን ወንበር ሰጠኋቸው፤ እሱን ግን አላስነሳሁትም። ንብረት ንብረት ነው።

ባለሙያው ልብሱን አውልቆ፣ ፎጣውን አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ ከሌላ ሳጥን ጋር አያይዞ አበራው። በራ። እስከ ምሳ በርቶ ቆየ። ከምሳ በኋላም እንደበራ ነው። እስኪመሽ ድረስ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩት፤ ጥፋ እያልኩ በልቤ ለመንኩት። አልጠፋም።

«አባት» አለኝ ባለሙያው መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ «ስክሪኑ ጤነኛ ነው። እናንተ ብትታዩ አይሻልም?»

ለዚህ ምክር ሃያ አምስት ብር ከፈልኩ።

ሆሳዕና ተመልሼ፣ ፎጣውን አነጠፍኩ፣ አበባውን መለስኩ፣ ልብሱን አለበስኩ፣ አበራነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሠርቶ ድርግም።

ጓድ ግርማ የተነሡት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩን እንደ ተራ ብልሽት ነበር የያዙት። አሁን ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በቢሮው መሀል ተንጎራደዱና «አዲስ አበባ ይሠራል፤ ሆሳዕና ይጠፋል» አሉ። «ማሽኑ ያው ነው። የተለየው ምንድነው? እጅ ነው። ጓዶች፣ እዚህ እጅ አለ።»

ከዚያ አንዲት ቃል ተናገሩ፦ «አሻጥር።»

ዛሬ ይቺን ቃል ስንሰማ እንስቃለን። ያኔ አይሳቅም ነበር። በዚያች ቃል ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ሎምበሞ ብዕራቸውን ጣሉ። ጋሽ ሄራኖ ከመስኮቱ ሥር ጠፉ። መሠረት ሰሌዳው ላይ እንዳቀረቀረች ነበር፤ ከጀርባዋ ሳያት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ በይ አላልኳትም።

ጓድ ግርማ ወደ እኔ ዞሩ። «አባቷም ኾነው፣ ንብረት ክፍልም ኾነው፣ ምን ይላሉ?»

እኔ መዋሸት አላውቅም፤ ይህን ሁሌም እኮራበት ነበር። «ልጄ ናት ብዬ አልደብቅም» አልኩ። «ሐሳቧ ይበተናል።»

እውነት ነው ብዬ የማምነውን ነበር የተናገርኩት። ግን እውነት መናገርና የማያውቁትን ነገር በድፍረት መናገር ሲሰሙት አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳላቸው ያኔ አልገባኝም። መሠረት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ አላናገረችኝም። ውሃ ስጪኝ ስላት ትሰጠኛለች፤ ብርጭቆውን ስቀበል ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። እናቷም ወጥ ስትጨልፍልኝ እንደ ድሮው «ልጨምርልህ?» ማለት ተወች።

መፍትሔው የመጣው ከጋሽ ሄራኖ ነው፤ ያኔ መፍትሔ መስሎን ነበር ማለቴ ነው።

«እኔ ሳየው ሳየው ቆይቻለሁ» አሉን አንድ ጉም የሸፈነው ማለዳ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው። «ይሄ ልጅ ብርድ ነው የመታው።»

«ማን?» አሉ አቶ ሎምበሞ።

«እሱ ነዋ» አሉ በአገጫቸው እያሳዩ። «ማታ ቢሮው እንደ በረዶ ነው፤ ብቻውን ያድራል። ማታ የገባበት ብርድ ረፋድ ላይ ይነሣበታል። ቀን አርፎ ሲሞቀው ይሻለዋል። አዲስ አበባ ለምን ዳነ? ፎቅ ውስጥ ገባ፣ ሞቀው፣ ዳነ። እኛ ዶዮገና ላም እንኳ ቤት አስገብተን ነው የምናሳድር።»

አንድም የጎደለ ነገር አልነበረውም። ረፋዱም፣ ዕረፍቱም፣ አዲስ አበባም በቦታቸው ገቡ። አቶ ሎምበሞ እጅግ ደስ አላቸው፤ ብርድ አሻጥር አይደለምና ውሳኔ አይጠይቅም። ጓድ ግርማም «የተፈጥሮ ተጽዕኖ ሊሆን ይችላል» ብለው ፈቀዱ፤ የኮሚቴው ቀን ግን እንዳለ ይሁን አሉ። በዚያ ቀን ከጠፋ ብርድ ነው የሚል እንደማይሰሙም አስጠነቀቁ።

ሳምንት ቀርቶናል። ማሽኑን ማስታመም ጀመርን። መስኮቶቹ ተዘጉ፤ ስንጥቁን በጋዜጣ ወተፍን። ጋሽ ሄራኖ የገዛ ብርድ ልብሳቸውን አምጥተው በጥልፉ ላይ ደረቡለት። ከሰል ተገዛ፤ ምድጃ በጠረጴዛው ግርጌ ተጣደ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው «እንዴት አደረ?» ብዬ ነው። «ላብ ላብ ብሎት አደረ» ይሉኛል ጋሽ ሄራኖ። እውነትም ስክሪኑን ስነካው ይሞቃል። እኛም «ብርዱ እየወጣለት ነው» እንባባላለን።

እየባሰበት ሄደ እንጂ አልወጣለትም። በባሰበት ቁጥር ከሰል እንጨምራለን። መሠረት አንድ ጊዜ ብቻ አፏን ከፈተች፣ እሱም ለእናቷ ነው፦ «እማዬ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ።» በሐድይኛ በሹክሹክታ ስለሆነ የተናገረችው እኔ የማልሰማ መስሏታል። ሰምቻለሁ። «ብርድን የሚያስወግድ ሰው ትንሽ ሙቀት ይችላል» ብዬ በልቤ ተቆጣሁ።

የኮሚቴው ቀን ደረሰ። ለክብሩ ስል ሹራብ፣ በላዩ ኮት፣ አንገቴን የሚያንቅ ክራቫት አድርጌ ሄድኩ። ጓድ ግርማ «ውጭ ጆሮ አለ» ብለው በሩንም አስዘጉ። ጋሽ ሄራኖ ሁለት ምድጃ አቀጣጠሉ። እኔ እንደ ንብረት ኃላፊ በማሽኑና በምድጃው መሀል ቆምኩ። የመሠረት እናት የምሳ ዕቃ ይዛ ከበሩ ውጭ ተቀምጣለች፤ ከምሳው ይልቅ ልጇን ነበር የምትጠብቀው።

መሠረት ሠንጠረዡን ጀመረች። የፎንቆ ማኅበር፣ የዚህኛው፣ የዚያኛው፤ አረንጓዴው ፊደል ይደረደራል። ማንም አይተነፍስም፤ የሚተነፈስ አየርም አልነበረም። አቶ ሎምበሞ በመሐረብ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። ጓድ ግርማ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ። ግማሽ ደረሰች። ከግማሽ አለፈች። የመጨረሻዎቹ አምስት ማኅበራት ሲቀሩ፣ ድርግም።

የከሰሉ መንጣጣት ብቻ ይሰማል።

«ጓዲት መሠረት» አሉ ጓድ ግርማ፣ «ግለ ሂስሽን እንስማ።»

ተነሥታ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። «ያላጠፋሁትን አልናገርም፣ ጓድ።»

«አላጠፋሁም ነው የምትይው?»

«ምን እንደሆነ አላውቅም ነው የምለው። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ መናገር አልችልም።»

ጓድ ግርማ ከእሷ ወደ እኔ ዞሩ። «አባትየውስ? ባለፈው ያሉትን ይደግሙልናል?»

መሠረት በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችው።

ተነሣሁ ልበል ብል ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሰዎች ኋላ ላይ «ለልጁ አዝኖ ነው፣ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው» ብለው አወሩልኝ። ውሸት ነው። ልናገር የነበረው ያንኑ ነው፤ «ሐ» ብዬ እንኳ ጀምሬያለሁ። ግን ያ ሁሉ ፊት ከፊቴ እየራቀ ሄደ፤ የአቶ ሎምበሞ መሐረብ ሁለት ሆነ፤ የእኔም ስክሪን ድርግም አለ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝን ነው የማወራው። ወድቄ ጠረጴዛው ግርጌ ተዘረርኩ። መሠረት «አባዬ!» ብላ ስትጮህ እናቷ በሩን በትከሻዋ በርግዳ ገባች።

«ይሄ ምን ዓይነት ምድጃ ቤት ነው! መስኮት ክፈቱ! ኮቱን አውልቁለት! አንተ ጋሽ ሄራኖ፣ ምን ትገተራለህ፣ ከሰሉን አውጣ!»

ክራቫቴን ፈታች፣ ሹራቤን ወደ ላይ ገፈፈች። ማራገቢያ ፈልጋ ዙሪያዋን ስታይ ቅርብ ያገኘችው የኮምፒዩተሩን ልብስ ነው። ጥብጣቡን በጠሰችና ብርድ ልብሱን፣ ጥልፉን፣ ፎጣውን፣ የፕላስቲክ አበባውን ባንድ ላይ ጎተተች። አበባው ወደ አቶ ሎምበሞ በረረ። ብርድ ልብሱ ገና ባልወጣው ምድጃ ላይ ወድቆ መጨስ ጀመረ። እሷ ለዚህ ሁሉ ደንታም አልሰጠች፤ በጥልፉ ታራግበኝ ጀመር።

ዓይኔን ስከፍት ሁለት ጣዎሶች ፊቴ ላይ ይወራጫሉ። መንግሥተ ሰማይ የገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ጓድ ግርማን ሳይ ግን እንዳልሆነ ገባኝ።

ቀዝቃዛ የክረምት ነፋስ በመስኮቱ ይገባል። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፤ ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ሁሉም እኔን ከበው ሳለ ከጠረጴዛው ላይ «ትር» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞረን አየን። ማንም ሳይነካው አረንጓዴው ፊደል ተመልሷል፤ ማኅበራቱ በየተራቸው ተደርድረዋል።

መሠረት ቀስ ብላ ሄዳ መዳፏን የስክሪኑ አናት ላይ አሳረፈች። አናቱ ላይ ከፎጣው ሥር ሆኖ ማናችንም ያላየነው የቀዳዳ ረድፍ ነበር። ከዚያ መጥታ ያንኑ መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«አባዬ» አለች፣ «አንተም እሱም ሞቋችሁ ነው።»



«ይሄ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል» አሉ ጓድ ግርማ። ስክሪኑን እንዲያለብሱት አዘዙ፤ ጋሽ ሄራኖ ከጫፉ የተቃጠለውን ብርድ ልብሳቸውን ደረቡለት። ጠበቅን። ጠፋ። ገለጡት። ጠበቅን። በራ። ጓድ ግርማ ሁለተኛ አስደገሙ፤ ያው ሆነ። ከዚያ ማረጋገጫው ሙሉ እንዲሆን እኔንም መልሰው ኮት ሊያለብሱኝ ሲያስቡ፣ የመሠረት እናት «እስቲ ይሞክሩት!» ብላ በመሀላችን ቆመች። ማረጋገጫው በዚሁ በቂ ነው ተባለ።

መሠረት ተቀምጣ የቀሩትን አምስት ማኅበራት ጨረሰች። በጣም ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋ ተንጋዶ ነበር የሠራችው። አቶ ሎምበሞ የቋሚነቱን ወረቀት አውጥተው ማንንም ሳያማክሩ ፈረሙ፤ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። ጓድ ግርማ ያቺን ቃል ዳግመኛ አላነሷትም። እኔንም ለጥንቃቄ ጤና ጣቢያ ወስደው መርፌ አስወጉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቷ ከፊት ሄደች። መሠረት ከጎኔ ነበረች።

«አባዬ፣ ያኔ ምን ልትል ነበር?»

መዋሸት እንደማላውቅ ነግሬያችኋለሁ። «ያንኑ» አልኳት።

ትታኝ ትሮጣለች ብዬ ጠበቅኩ። «አውቄ ነበር» አለችና ክንዴን ያዘች፤ ገና እግሬ አልጸናም ነበርና።

የቀረው ወጪው ነው። ይህን ሁሉ ከፕሮጀክቱ ሒሳብ መክፈል ይቻል ነበር። ግን አቶ ሎምበሞ «ለኮምፒዩተር ብርድ ማባረሪያ የተገዛ ከሰል» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ አዲስ አበባ ሲነበብ ታያቸው፤ ጓድ ግርማም ታያቸው። ስለዚህ ከኪሳችን ይሁን ተባለ፤ ለእሳቸው፣ ለእኔና ለጓድ ግርማ እኩል። ጋሽ ሄራኖ ብርድ ልብስ ስለከሰሩ ከመዋጮው ነጻ ወጡ፤ እንዲያውም አዲስ እንግዛላቸው አልን። መሠረት ሒሳቡን በማሽኑ ትደምር ጀመር፤ ከሻማው እስከ መርፌው፣ የስክሪኑ ትኬት ሳይቀር። ስክሪኑ ያለ ልብስ፣ ያለ አበባ ተቀምጧል፤ አንድም ጊዜ አልጠፋም። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ከኋላዋ ቆሜ አየዋለሁ።

«አንቺስ ድርሻሽ?» አልኳት።

ሳትዞር መለሰች፦ «እኔ አልሸፈንኩትም።»

ድምሩን ነገረችኝ። በዛብኝና እንደገና ደምሪው አልኳት። ደመረች፤ ያው ነው። እርሳስ አውጥቼ በራሴ እጅ፣ ሳንቲሙን በሳንቲሙ ሥር አሰልፌ ደመርኩት። ልጄ ልክ ነበረች፦ መቶ ሠላሳ ስምንት ብር ከስልሳ ሳንቲም።